የባንክ ኦዲተር በሕግ ተጠያቂነትና የምርመራው ጥራት

አንድ ባንክ በወደቀ ቁጥር አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ኦዲተሮቹ የት ነበሩ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ባንኩ ከመውደቁ ጥቂት ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ የሂሳቡ መግለጫ እውነተኛ ሁኔታውን ያሳያል የሚል ቃል በእነርሱ ፊርማ ወጥቷልና። ከጥያቄው ቀጥሎ የሚመጣው ክስ ነው። ክሱ በተራው ሌላ፣ ብዙም ያልተመረመረ፣ ጥያቄ ያስከትላል። ኦዲተሩ ነገ እከሰሳለሁ ብሎ መፍራቱ ዛሬ የሚሠራውን ሥራ ያሻሽለዋል ወይስ ያበላሸዋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ በታወቁ ጉዳዮች እያስረዱ ማብራራት ነው። የጸሐፊው አስተያየት በአጭሩ ሲገለጽ፣ ፍርሃቱ ጥራትን የሚያሳድገው ተጠያቂነቱ ኦዲተሩ በፈጸመው ወይም ሳይፈጽም በተወው ተግባር ላይ ሲያርፍ ነው። በባንኩ መውደቅ ላይ ብቻ ሲያርፍ ግን ኦዲተሩ ባንኩን ሳይሆን ራሱን መጠበቅ ይለምዳል።

«የምርመራ ጥራት» ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ መለየት ይገባል። ሊንዳ ዲአንጀሎ የተባሉ አሜሪካዊት የሂሳብ ትምህርት ሊቅ በ1981 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጥናት ጥራትን ለሁለት ከፍለውታል። አንደኛው ኦዲተሩ ጉድለቱን የማግኘቱ ዕድል ነው፤ ሁለተኛው ያገኘውን ጉድለት የመናገሩ ዕድል ነው። የመጀመሪያው ዕውቀትና ትጋት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ከደንበኛው ነፃ መሆንን ይጠይቃል። ክፍፍሉ ለያዝነው ጉዳይ ይጠቅማል። የሕግ ፍርሃት ሁለቱን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ አይገፋቸውምና።

ባንክ ደግሞ እንደ ሌላው ድርጅት አይደለም። የጥጥ ፋብሪካን ሂሳብ የሚመረምር ኦዲተር መጋዘን ገብቶ የተከማቸውን ጥጥ ያስቆጥራል፣ ያስመዝናል። የባንክ ዋነኛ ሀብት ግን የሰዎች ቃል ነው፤ ብድር ማለት ተበዳሪው ነገ እከፍላለሁ ያለው ነው። የዚህ ቃል ዋጋ በመዝገቡ ላይ አይነበብም፤ ከተበዳሪው ንግድ፣ ከመያዣው ግምት፣ ከሀገሩ የኢኮኖሚ ሁኔታ ተነሥቶ ይገመታል እንጂ። ባንኩ ለማይመለስ ብድር የሚይዘው መጠባበቂያም እንዲሁ ግምት ነው፤ አሥር ሚሊዮን ለሚለውም ሃያ ሚሊዮን ለሚለውም በቂ የሚመስል ምክንያት አይጠፋም። ኦዲተሩ ከዳኛ ፊት በሚቀርብበት ጊዜ ግን ውጤቱ ታውቋል፤ ግምቱ በተሰጠበት ቀን ነገሩ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚያስታውስ የለም። ሁለተኛው ልዩነት ከዚህ የባሰ ነው። ስለ አንድ ፋብሪካ «ሥራውን መቀጠሉ ያጠራጥራል» ብሎ የጻፈ ኦዲተር ባለቤቶቹን ያስቆጣ ይሆናል፤ ፋብሪካው ግን ሊተርፍ ይችላል። ስለ ባንክ ይህንኑ የጻፈ ግን ገንዘብ አስቀማጩን ሁሉ በማግስቱ ጧት በባንኩ በር ላይ ያሰልፈዋል። ቢናገር ባንኩን ገደለ፣ ዝም ቢል ጉዱን ሸሸገ ተብሎ የሚከሰስ ባለሙያ ከዚህ የከፋ አጣብቂኝ ሊገጥመው አይችልም።

ሁለት የቆዩ ፍርዶች

የባንክ ኦዲት በሕግ ግዴታ ሆኖ የተወለደው ከውድቀት ነው። በ1878 የግላስጎው ከተማ ባንክ ሲዘጋ የባለአክሲዮኖቹ ኃላፊነት በአክሲዮናቸው መጠን ያልተወሰነ ስለ ነበር፣ ከ1,819ኙ መካከል ዕዳውን ከፍለው ሳይከስሩ የቀሩት 254 ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ፣ ኃላፊነታቸው የተወሰነ ሆነው የሚመዘገቡ ባንኮች ሂሳባቸውን በየዓመቱ እንዲያስመረምሩ ደነገገ። ኦዲተሩ ግዴታውን ካልፈጸመ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ መልስ የተገኘው ደግሞ በ1895፣ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የለንደን ኤንድ ጄኔራል ባንክን ጉዳይ ሲወስን ነው።

ይህ ፍርድ ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ነው። ባንኩ ለጥቂት ደንበኞቹ ያበደረው ብዙ ገንዘብ በቂ መያዣ እንዳልነበረው ኦዲተሩ ቲዮባልድ ደርሰውበት ነበር። በ1892 መጀመሪያ ለዲሬክተሮቹ በምስጢር ባዘጋጁት ሪፖርት የባንኩ ሁኔታ እጅግ አሳሳቢ መሆኑን ገለጹ። የዚያ ዓመት የትርፍ ድርሻ ሊከፈል አይገባም የሚል ቃልም ጽፈው ነበር፤ ይህ ቃል ግን በሊቀ መንበሩ በጄቤዝ ባልፎር ማግባባት ተሰረዘ። ለባለአክሲዮኖቹ በቀረበው የምስክርነት ቃል ላይ የቀረችው አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበረች፤ የሀብቱ ዋጋ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሲለወጥ በሚያስገኘው ልክ ነው ትላለች። ባለአክሲዮኖቹ 7 በመቶ ተካፈሉ፤ የተካፈሉት ግን ትርፍ ሳይሆን ከዋናው ገንዘብ ተቆርሶ ነበር። ዳኛው ሊንድሊ ኦዲተር ለሂሳቡ ፍጹም ትክክለኛነት ዋስ አይደለም አሉ። ሆኖም ማስታወቅ ግዴታው የሆነ ሰው ሌላው ጠይቆ ሊደርስበት የሚችልበትን ፍንጭ በመስጠት ብቻ ግዴታውን ተወጣ ሊባል አይችልም ሲሉ ኦዲተሩን በኃላፊነት ያዙ። ልብ እንበል፤ ቲዮባልድ ጉድለቱን አላጡትም። የጎደላቸው መናገር ነበር። ቅጣቱም ያረፈው በትክክለኛው ቦታ፣ ማለትም ባንኩ በመውደቁ ላይ ሳይሆን የሚያውቁትን በመሸሸጋቸው ላይ ነበር።

ሁለተኛው ፍርድ የኒው ዮርክ ነው፤ ባንክን የሚመለከት ባይሆንም አበዳሪን ይመለከታል። ፍሬድ ስተርን የተባለ የጎማ አስመጪ ኩባንያ ኦዲተሮች የ1923ን የሂሳብ ሚዛን መርምረው 32 ቅጂ አውጥተው ሰጡ። አልትራማሬስ የተባለው አበዳሪ ይህንኑ አምኖ አበደረ፤ አስመጪው ግን ቀድሞውኑ የከሰረ ነበር። በ1931 ዳኛው ቤንጃሚን ካርዶዞ በሰጡት ፍርድ፣ በተራ ቸልተኝነት ምክንያት ኦዲተሩ ለማያውቀው አበዳሪ ሁሉ ተጠያቂ ከሆነ መጠኑም ዘመኑም የጠያቂዎቹም ብዛት ወሰን የሌለው ዕዳ ይሸከማል በማለት የቸልተኝነቱን ክስ አልተቀበሉትም። የማታለልን ክስ ግን ክፍት አደረጉት። በ1933 የወጣው የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ሕግ ይህን ከለላ ለሕዝብ በሚሸጡ አክሲዮኖችና ቦንዶች ረገድ ቀደደው፤ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን የማስረዳት ሸክም በራሱ በኦዲተሩ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ሕግ ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ ሐሳቦች መካከል መመላለስ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የሊንከን ውድቀትና መዘዙ

በ1980ዎቹ የአሜሪካ የቁጠባና ብድር ተቋማት በብዛት ወደቁ። ከ1986 እስከ 1995 ባለው ጊዜ ከአንድ ሺህ በላይ ተዘጉ፤ ጠቅላላ ወጪውም ወደ 153 ቢሊዮን ዶላር ሲደርስ፣ ከዚህ ውስጥ 124 ቢሊዮን ያህሉን የተሸከመው ግብር ከፋዩ ነው። ከእነዚህ መካከል በስም የታወቀው ቻርለስ ኪቲንግ ይመሩት በነበረው ኩባንያ ሥር የነበረው የካሊፎርኒያው ሊንከን ነው። በ1989 መንግሥት ተረከበው።

ሊንከን ትርፍ ያስመዘግብ የነበረበትን አንድ ምሳሌ እንይ። በ1987 አንድ ባዶ መሬት በ14 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ ገዢው ከዋጋው ሩቡን፣ 3.5 ሚሊዮን፣ በቅድሚያ ስለ ከፈለ 11.1 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ ተመዘገበ። የቅድሚያ ክፍያው ግን ሊንከን በዚያው ሰሞን ለሌላ ሰው ካበደረው ገንዘብ ተነሥቶ ዞሮ የመጣ ነበር። ሊንከን መሬቱን በራሱ ገንዘብ ከራሱ ገዛ ማለት ነው። ሰነዱ ሁሉ የተሟላ ነበር። የሂሳብ ሕጉ የሚጠይቀው የቅድሚያ ክፍያ መጠንም ተሟልቷል። ጉዳዩን በኋላ ያጠኑ ሊቃውንት እንደ ገለጹት፣ የጎደለው የሰነድ ብዛት ሳይሆን «በዚህ የአሪዞና መሬት ላይ ይህን ያህል ዋጋ የሚከፍል ጤነኛ ገዢ አለን?» የሚለው ተራ የነጋዴ ጥያቄ ነበር። በዚያም ላይ የምርመራውን ቡድን የመሩት የአርተር ያንግ ሸሪክ በ1988 በደንበኛው ኩባንያ፣ በወላጅ ድርጅቱ፣ በከፍተኛ ደመወዝ ተቀጠሩ። ማግኘትም መናገርም በአንድነት ጎደሉ።

ክፍያው ከባድ ሆነ። አርተር ያንግን የወረሰው ኧርንስት ኤንድ ያንግ በ1992 ሊንከንን ጨምሮ ስለ ብዙ የወደቁ ተቋማት ለመንግሥት 400 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ታረቀ፤ ዴሎይት በ1994 በተመሳሳይ ጉዳይ 312 ሚሊዮን ከፈለ። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1990 በአሜሪካ ሰባተኛ የነበረው ላቨንቶል ኤንድ ሆርዋት በክስ ብዛት ከስሮ ሸሪኮቹ ከግል ኪሳቸው እንዲያዋጡ ተገደዱ። ስድስቱ ታላላቅ ድርጅቶች በ1992 በጋራ ባወጡት መግለጫ በ1991 ለክስና ለእርቅ ያወጡት ገንዘብ 477 ሚሊዮን ዶላር፣ ከኦዲትና ከሂሳብ ሥራ ገቢያቸው 9 በመቶ መሆኑን አስታወቁ። ቁጥሩ የተከሳሾቹ ስለ ሆነ በጥንቃቄ መያዝ አለበት፤ የፍርሃታቸውን መጠን ግን ያሳያል።

ስለ ምን ኦዲተሩ ብቻ ከፋይ ሆነ? መልሱ ሕጉ ነው። በጊዜው ጥፋተኞች ሁሉ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነበሩ፤ የጥፋቱ አሥር በመቶ ድርሻ ያለው ሌሎቹ የሚከፍሉት ከሌላቸው መቶውንም ይከፍላል። ባንኩ ከስሯል፣ ሥራ አስኪያጁ ወኅኒ ወርዷል፤ ገንዘብና መድን ያለው ኦዲተሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ክሱ የበደሉን መጠን ሳይሆን የኪሱን ጥልቀት እየተከተለ ሄደ። ጥፋት የሌለበትም ቢሆን በዳኞች ፊት ከመቅረብ ይልቅ መታረቅ ይቀለው ነበር። ታርቆ የሚያልቅ ክስ ደግሞ ለባለሙያው የሚያስተምረው ነገር የለውም፤ ምን ማድረግ ነበረበት የሚለው ሳይፈረድ ይቀራልና።

የፍርሃቱ ውጤት በብዙ መልክ ታየ። ቴክሳስ በ1991 ሸሪኮች በባልንጀራቸው ስሕተት የግል ሀብታቸውን እንዳያጡ የሚከላከል አዲስ ዓይነት ሽርክና በሕግ አቋቋመች፤ ታላላቆቹ ድርጅቶች በ1994 ወደዚሁ ዞሩ። በ1995 ኮንግረስ የፕሬዚዳንት ክሊንተንን ተቃውሞ ሽሮ ባወጣው ሕግ፣ አውቆ ያላጠፋ ተከሳሽ በሰነደ ሙዓለ ንዋይ ክሶች እንደ ድርሻው ብቻ እንዲጠየቅ ተደረገ። ድርጅቶቹም አደገኛ የመሰሏቸውን ደንበኞች ማሰናበት ጀመሩ። ይህ የመጨረሻው ከላይ ሲያዩት ጥንቃቄ ይመስላል። ነገር ግን ጠንካራ ኦዲተር ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው የታመመው ባንክ ነው፤ ልምድ ያለው ሐኪም በሽተኛውን ሸሽቶ ጤነኛውን ብቻ ሲያክም ቆየ እንደ ማለት ነው።

ሌላው ውጤት በወረቀት ላይ ይገኛል። የተከሰሰ ኦዲተር የሚድነው በሥራ ወረቀቱ ስለ ሆነ መዝገቡ እየወፈረ፣ በምልክት የሚሞላው የጥያቄ ዝርዝር እየረዘመ ሄደ። ብዙው ጠቃሚ ነው። ሆኖም ለዳኛ የተጻፈ መዝገብና ለባንኩ የተደረገ ምርመራ አንድ አይደሉም። ከሁሉ የሚያስገርመው ኦዲተሮች ከባንኮች ጋር በሚዋዋሉበት ደብዳቤ ላይ ኃላፊነታቸውን የሚገድብ ቃል ማስገባት መጀመራቸው ነው፤ የአሜሪካ የባንክ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች በየካቲት 2006 በጋራ ባወጡት ማሳሰቢያ ይህን ለባንክ ደኅንነት የማይበጅ አሠራር ብለው ነቀፉት። ነቀፌታው ትክክል ነበር። ኦዲተሩና የባንኩ ሹማምንት ተዋውለው የሚያስቀሩት መብት የእነርሱ አይደለም፤ ባንኩ ሲወድቅ በቦታው የሚተካው የመድን ተቋም፣ በመጨረሻም የአስቀማጩ ነው።

ከኮሎኒያል እስከ ሲሊከን ቫሊ

እስከ ፍርድ የሄደ ክስ ጥቂት ነው ብለናል። ከጥቂቶቹ አንዱ የአላባማው ኮሎኒያል ባንክ ጉዳይ ነው። 25 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሀብት የነበረው ይህ ባንክ በነሐሴ 2009 ተዘጋ። ቴይለር፣ ቢን ኤንድ ዊታከር የተባለ የቤት ብድር አቅራቢ ኩባንያ ከባንኩ ጥቂት ሠራተኞች ጋር ተመሳጥሮ፣ የሌሉ ወይም ቀድሞ ለሌላ የተሸጡ የቤት ብድሮችን ለባንኩ እየሸጠ ለዓመታት ገንዘብ ወስዷል። የኩባንያው ሊቀ መንበር ሊ ፋርካስ በ2011 የ30 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ከዚያ የፌዴራል ተቀማጭ ገንዘብ መድን ኮርፖሬሽን የባንኩን ኦዲተር ፕራይስ ዋተርሀውስ ኩፐርስን ከሰሰ።

ኦዲተሩ ተከላከለ፤ የባንኩ ሰዎች ሆን ብለው አታለሉኝ፣ ኦዲት ደግሞ ሁሉን ማጭበርበር እንዲያጋልጥ የታሰበ አይደለም አለ። ዳኛዋ ባርባራ ሮትስታይን በታኅሣሥ 2017 ኦዲተሩ ቸልተኛ ነበር ብለው ፈረዱ። ለያዝነው ጉዳይ ዋናው የፍርዱ ምክንያት ነው። ዳኛዋ ባንኩ ወደቀ አላሉም። የሙያው ደንብ ራሱ ምርመራው ማጭበርበርን ለማግኘት ታስቦ እንዲታቀድ ያዛል፣ ይህ አልተደረገም፤ ብድሮቹ በእርግጥ መኖራቸውን ከዋናው ሰነድ ላይ ማረጋገጥ ይቻል ነበር፣ አልተረጋገጠም አሉ። በሐምሌ 2018 የተወሰነው ካሳ 625.3 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2019 በ335 ሚሊዮን ታረቁ። በጸሐፊው ግምት ይህ ፍርድ ከ1990ዎቹ እርቆች ሁሉ ድምር ይልቅ ለሙያው ያስተምራል፤ ከዚህ በኋላ የብድር ማህደር ሳይከፍት የሚፈርም ኦዲተር ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ተጠያቂነቱ ሲላላስ? የጀርመን ሕግ የታላላቅ ኩባንያዎች ኦዲተር በቸልተኝነት ከ4 ሚሊዮን ኤውሮ በላይ እንዳይጠየቅ ይወስን ነበር። የክፍያ አገልግሎት ሰጪው ዋየርካርድ በ2020 ሲወድቅ በፊሊፒንስ ባንኮች አለ የተባለው 1.9 ቢሊዮን ኤውሮ የሌለ ሆኖ ተገኘ። በ2021 ጣሪያው ወደ 16 ሚሊዮን ከፍ አለ፤ ለከባድ ቸልተኝነት ግን ጣሪያው ተነሣ። ጣሪያው ዝቅተኛ መሆኑ ብቻውን ያንን ውድቀት አመጣ ለማለት ማስረጃ የለም፤ ይሁንና ጀርመኖች ያደረጉት ማሻሻያ ኃላፊነትን ከጥፋቱ ክብደት ጋር ያገናኘ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ቅጣቱ እጅግ ከባድ ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው ይላላል። አርተር አንደርሰን በኤንሮን ጉዳይ በ2002 በወንጀል ሲፈረድበት ድርጅቱ ፈረሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 ፍርዱን ቢሽረውም የሞተው አልተነሣም። አምስት የነበሩት አራት ቀሩ። አራቱን ወደ ሦስት የሚያወርድ ቅጣት የሚደፍር መንግሥት ስለማይገኝ፣ ከልክ ያለፈው ዛቻ ራሱ ከንቱ ይሆናል።

የሲሊከን ቫሊ ባንክ ጉዳይ ከሁሉም ይለያል። ኬፒኤምጂ በየካቲት 24 ቀን 2023 ያለ ማስጠንቀቂያ ፈረመ፤ ባንኩ በመጋቢት 10 ተዘጋ። ባንኩ እስከ መክፈያ ጊዜያቸው ሊይዛቸው ባሰባቸው ቦንዶች ላይ ወደ 15 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገና ያልተመዘገበ ኪሳራ ነበረበት፤ የባለአክሲዮኖቹ ሀብት ደግሞ ወደ 16 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ቁጥሩ ግን አልተደበቀም፤ ከሂሳቡ ጋር በተያያዘው ማብራሪያ ታትሞ ነበር። ሊንድሊ መረጃና የመረጃ ፍንጭ አንድ አይደሉም ያሉትን እዚህ ላይ ማንሣት ይቻላል። በሌላ በኩል ደግሞ ኦዲተሩ የሂሳብ ደንቡ ያዘዘውን አቀራረብ ተከትሎ ሳለ፣ ባንኩ በ14 ቀን ውስጥ ስለ ወደቀ ብቻ ቢቀጣ፣ የሚቀጥለው ኦዲተር የሚማረው ጤነኛውንም ታማሚውንም ባንክ ያለ ልዩነት ማስጠንቀቅ ነው። ሁሉን የሚያስጠነቅቅ ደግሞ ማንንም አላስጠነቀቀም።

ወደ ሀገራችን ጉዳይ

ይህ ሁሉ ከኢትዮጵያ ጋር ምን ያገናኘዋል? በ1960 የወጣው የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበር ኦዲተር በሥራው ጥፋት ላደረሰው ጉዳት ለማኅበሩም ለሦስተኛ ወገኖችም በፍትሐ ብሔር ኃላፊ ነው ይል ነበር። ካርዶዞ የዘጉትን በር የእኛ ሕግ ከጥንቱ ከፍቶት ነበር ማለት ነው። ይህ ሕግ በ2021 በአዲስ የንግድ ሕግ ተተካ። የግል ባንኮች በ1994 ከተፈቀዱ ወዲህ ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አነስተኛ ባለአክሲዮኖችን አሰባስበዋል፤ በ2019 በተሻሻለው አዋጅ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ጭምር አክሲዮን እንዲገዙ ተፈቅዷል። ስለዚህ ጉዳዩ በዋሽንግተንም በፍራንክፈርትም ሆኖ ይህን ጽሑፍ የሚያነበውን ሰው በቀጥታ ይነካዋል፤ በስልክ ጥሪና በዘመድ ምክር የገዛው አክሲዮን ዋጋ የሚመሠክርለት የኦዲተሩ ፊርማ ብቻ ነው።

የሕጉ ቃል መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ከሳሽ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ከሳሹ ማን እንደ ሆነ አይተናል። ጠበቃው ከሚያሸንፈው ገንዘብ ድርሻውን የሚወስድበት የጅምላ ክስ አለ፤ ከዚያም በላይ በወደቀው ባንክ ቦታ የሚተካ፣ ገንዘብም ባለሙያም የማያጥረው የመድን ኮርፖሬሽን አለ። በሀገራችን ሃምሳ አክሲዮን ያለው አንድ መምህር ብቻውን የባንክን ኦዲተር ከሶ፣ የሥራ ወረቀቱን አስቀርቦ፣ ባለሙያ ምስክር ቀጥሮ ሊረታ ይችላል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። በመንግሥት ባንክ ረገድ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠበባል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ሂሳብ ለብዙ ዓመታት ሲመረምር የኖረው የመንግሥቱ የኦዲት አገልግሎት ኮርፖሬሽን ስለ ሆነ፣ ክስ ቢኖር ከሳሽም ተከሳሽም መንግሥት ይሆናል።

የባንክ ኦዲተር ብሔራዊ ባንክ የሚቀበለው እንዲሆን መታዘዙ፣ በ2014 በወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅም የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ሙያውን እንዲቆጣጠር መደረጉ የሚደገፍ ነው። ይህ ግን ቁጥጥር ነው፤ ለተጎዳው ካሳ አይደለም። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጸድቆ፣ የአክሲዮን ገበያውም በዚያው ዓመት ተከፍቶ ሳለ፣ የኦዲተሩን ኃላፊነት ያለ ከሳሽ መተው አይቻልም። በ2021 በደንብ የተቋቋመው የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለዚህ ሥራ የሚመች መስሎ ይታያል፤ ባንክ ሲወድቅ ለአስቀማጮች የሚከፍለው እርሱ ነውና። ለከፈለው ገንዘብ በአስቀማጮቹ እግር ተተክቶ ኦዲተሩን የመጠየቅ መብቱ በግልጽ ተጽፎ ቢገኝ፣ ከሳሹ የሚያስረዳውም የባንኩን መውደቅ ሳይሆን ያልተከፈተውን የብድር ማህደርና ያልተጎበኘውን መያዣ እንዲሆን ቢደነገግ፣ ኦዲተሩ የመድን ዋጋውንም የምርመራ ሰዓቱንም አስቀድሞ አስቦ መዋዋል ይችላል። ክፍያው በዚያው መጠን መጨመሩ አይቀርም፤ ባለአክሲዮኖችም በጠቅላላ ጉባኤ የኦዲተር አበል ሲያጸድቁ ርካሹን የመምረጥ ልማዳቸውን ይተዉ እንደ ሆነ ከዚያ ላይ ይታያል።